የጥንት ዕቃና የቤት ጌጥ፤ ከሐረር ቤት የምንማረው

ባሁኑ ጊዜ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ቤታቸውን በጥንት ዕቃ የሚያስጌጡ ሰዎች እየበዙ መሄዳቸውን ማንም የሚያየው ነው። ከሶፋው አጠገብ የጅማ በርጩማ ይቀመጣል፤ መሶቡ ከማጀት ወጥቶ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆማል፤ አገልግሉ ከግድግዳ ይሰቀላል፤ ጋኑ በረንዳ ላይ ወጥቶ አበባ ይተከልበታል። አባቶቻችንና እናቶቻችን የሠሩት ዕቃ እንደ ውራጅ ከመጣል ድኖ በክብር ሲቀመጥ ማየት ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ባለቤቱን «ይህ ዕቃ በአገሩ ስሙ ማን ይባላል? የማን ነበር? ምን ይሠራበት ነበር?» ብለን የጠየቅነው እንደ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ የምናገኘው መልስ «ከሱቅ ገዝቼው ነው» የሚል ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቤትን በጥንት ዕቃ ማስጌጥ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ፋሽን አለመሆኑን፥ በአገራችንም ሥርዐት ያለው ጥንታዊ ልማድ መሆኑን በሐረር ከተማ ቤት ምሳሌነት መግለጽ ነው። ከዚያም በዛሬው ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለው ዕቃ እንዴት ሊመረጥ፥ ሊቀመጥና ሊጠበቅ እንደሚገባ እናስረዳለን። በጠቅላላው ልናሳየው የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የጥንት ዕቃ ለቤት ጌጥ የሚሆነው ስሙ፥ ቦታውና የሰጪው ታሪክ አብሮት ሲኖር መሆኑን ነው።

1. «የጥንት ዕቃ» ስንል

አስቀድሞ የቃሉን ትርጉም መወሰን ያስፈልጋል። በ1958 ዓ. ም. የወጣው የጥንታዊ ዕቃዎች ዐዋጅ ጥንታዊ ያለው ከ1850 ዓ. ም. በፊት የተሠራውን ነበር። በዚህ መለኪያ ብንሄድ በየቤቱ የሚገኘው አብዛኛው ዕቃ ጥንታዊ ሊባል አይችልም፤ ስንደዶ፥ እንጨትና ቆዳ በየቀኑ እየተሠራባቸው ብዙ ዘመን መቆየታቸው ብርቅ ነውና። በ1992 ዓ. ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቁጥር 209 ግን ነገሩን በሰፊው ይመለከተዋል፤ ዕድሜውን ብቻ ሳይሆን ዕቃው በሳይንስ፥ በታሪክ፥ በባህል፥ በጥበብና በእጅ ሥራ ያለውን ዋጋ ያስባል።

እኛም በዚህ ጽሑፍ የጥንት ዕቃ የምንላቸውን በሦስት እንከፍላቸዋለን። (ሀ) በአገር ውስጥ በእጅ ተሠርተው ለቤት አገልግሎት ይውሉ የነበሩ፤ መሶብ፥ ሌማት፥ ገበቴ፥ ዋንጫ፥ ቅል፥ ጋን፥ በርጩማና እነዚህን የመሳሰሉት። (ለ) ከውጭ መጥተው በቤተ ሰብ እጅ የቆዩ፤ እንደ ቆርቆሮ ሳሕን፥ የናስ ትሪ፥ ሳጥን፥ ግራማፎን ያሉት። (ሐ) ለሃይማኖት አገልግሎት የተሠሩ፤ መስቀል፥ የብራና መጽሐፍ፥ ሥዕል የመሳሰሉት። ሦስተኛው ክፍል የራሱ ሕግና ክብር ያለው ስለ ሆነ በመጨረሻ ለብቻው እንመለከተዋለን።

2. የሐረር ቤት ውስጣዊ ሥርዐት

የሐረር ጀጎል በግንብ የታጠረች ጥንታዊት ከተማ መሆኗ የታወቀ ነው። ከተማይቱ በ1998 ዓ. ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስትገባ፥ ከመስጊዶቿና ከግንቧ ጋር ልዩ ትኩረት የተሰጠው ለቤቶቿ ውስጣዊ አሠራር ነበር። ሐረሪዎች ከተማቸውን ጌይ፥ ቤትን ጋር ይላሉ፤ ስለዚህ ባህላዊው የከተማ ቤት ጌይ ጋር ይባላል። ከመንገድ ለሚያየው ሰው ግን ይህ ቤት ከድንጋይ አጥርና ከአንድ በር በቀር የሚያሳየው ነገር የለም። ጌጡ ሁሉ ያለው በውስጥ ነው።

ዋናው ክፍል ጊዲር ጋር፥ ማለት ትልቁ ቤት፥ ይባላል። እዚህ ክፍል ውስጥ ወንበርና ጠረጴዛ አይፈለግም፤ መቀመጫው ነደባ የሚባል፥ ከወለሉ በተለያየ ከፍታ የተሠራ መደብ ነው። ነደባዎቹ አምስት ሲሆኑ እያንዳንዱ የራሱ ስምና ባለቤት አለው። አሚር ነደባ የቤቱ አባወራና የተከበረ ሰው የሚቀመጥበት ነው፤ ከዚያ ሆኖ የሚገባውንና የሚወጣውን ለማየት ይችላል። ጊዲር ነደባ ሰፊው መደብ ሲሆን እንግዶች ይቀመጡበታል። ሱትሪ ነደባ የተሰወረ መደብ ማለት ነው፤ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ስለ ሆነ ለማረፊያ ይመቻል። ጢት ነደባ፥ ማለት ትንሹ መደብ፥ ለልጆችና በዕድሜ ወይም በማዕረግ ዝቅ ላሉ ነው። ገብቲ ኤሐር ነደባ ደግሞ ከበሩ በስተ ኋላ ያለው ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ገብቶ የት እንደ ተቀመጠ በማየት ብቻ በዚያ ቤት ያለውን ደረጃ ማወቅ ይቻላል።

ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር ይቀባል። ይህ ቀይ ቀለም በጥር 1879 ዓ. ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ሰዎች ደም ያስታውሳል የሚል አፈ ታሪክ በከተማው ይነገራል። ታሪኩ የቀለሙ እውነተኛ ምክንያት ይሁን አይሁን፥ ሰዎቹ ስለ ወለላቸው ቀለም እንኳ የሚናገሩት ነገር እንዳላቸው ያሳያል።

ግድግዳው በኖራ የነጣ ሲሆን በውስጡ ጣቄት የሚባሉ መስኮት መሰል ጎድጓዳ ቦታዎች ተሠርተውለታል። በእነዚህ ውስጥ መጻሕፍትና ልዩ ልዩ ዕቃዎች ይቀመጣሉ። አፍላላ የሚባሉት ጥቁር ዕቃዎች ሹል የስፌት ክዳናቸውን ደፍተው ይደረደራሉ፤ የቤተ ሰቡ ጌጣጌጥና ውድ ነገር የሚቀመጠው በእነርሱ ነው። ከጊዲር ጋር ቀጥሎ ኪርታት የሚባል ክፍል አለ፤ አዲስ ሙሽሮች የጫጉላ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉበት ነው። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ምንጣፍም ይታያል፤ ይህም በቤቱ ውስጥ ለጋብቻ የደረሰች ልጃገረድ መኖሯን እንደሚያመለክት ይነገራል።

ከሁሉ ይልቅ የጎብኚውን ዓይን የሚስበው ግን ነጩን ግድግዳ የሸፈነው ዕቃ ነው። በአንድ ወገን ሞት የሚባሉት ጠፍጣፋ የስፌት ሥራዎች በረድፍ ይሰቀላሉ፤ በሌላው ወገን የእንጨት ገበታዎችና ቀለማቸው የደመቀ የቆርቆሮ ሳሕኖች ይታያሉ። (አንባቢ በስሙ እንዳይሳሳት፥ በሐረሪ ቋንቋ «ሞት» የስፌቱ ስም እንጂ በአማርኛ የምናውቀው ቃል አይደለም።)

3. ዕቃው ወደ ግድግዳ የሚመጣበት መንገድ

እንግዲህ ይህ ሁሉ ዕቃ ከየት መጣ? ከሱቅ ተገዝቶ በአንድ ቀን የተሰቀለ አይደለም። የሐረር ስፌት የሴቶች ሙያ ነው። በቀድሞው ልማድ ልጃገረዶች ሞይ ጋር፥ ማለት የሥራ ቤት፥ በሚባል ቦታ ተሰብስበው ከአንዲት ሙያተኛ ሴት ዘንድ ስፌት ይማሩ ነበር። እዚያ የሚማሩት ወስፌ መያዝና ቀለም ማዋሐድ ብቻ አልነበረም፤ የከተማውን ሥነ ሥርዐት፥ ዘፈንና የትልልቆችን አክብሮት ጭምር ነበር እንጂ። ልጅቱ ለማግባት ስትደርስ የራሷ፥ የጓደኞቿና የሴት ዘመዶቿ ሥራ ተጠራቅሞ ወደ አዲሱ ቤቷ ይሄዳል፤ ከግድግዳውም ላይ ይሰቀላል።

ከስፌቶቹም ውስጥ ለተለየ ሰውና ለተለየ ጊዜ የሚሠሩ አሉ። ለምሳሌ ሐማት ሞት የሚባለው ስሙ እንደሚያስረዳው ከአማት ጋር የተያያዘ ሲሆን፥ ሙሽራይቱ ለባሏ እናት የምትሰጠው ነው። ፊንጃን ጋር፥ ማለት የሲኒ ቤት፥ የሚባለው ደግሞ ሲኒ ይቀመጥበታል። ስለዚህ አንዲት የሐረር ሴት በቤቷ ተቀምጣ ግድግዳዋን ስትመለከት የምታየው የሣር ሥራ ብቻ አይደለም፤ እናቷን፥ አክስቷን፥ አብረዋት የተማሩትን ልጆች፥ የሠርጓን ቀን ታያለች። ለእርሷ ግድግዳው እንደ መዝገብ ነው።

የቆርቆሮ ሳሕኑ ነገርም ሊጤን የሚገባው ነው። ሐረር በዘይላ በኩል ከባሕር ማዶ ጋር የምትነግድ ከተማ ስለ ነበረች የውጭ አገር ዕቃ ወደ ቤቶቿ መግባቱ የቆየ ነው። ፋብሪካ የሠራው ሳሕን በመጣ ጊዜ አዲስና ባዕድ ነበር። ይሁን እንጂ የቤቱ ሥርዐት ቦታ ሰጠው፤ ከእንጨቱ ገበታ ጎን ተሰቀለ፤ በስጦታ ተሰጠ፤ ከእናት ወደ ልጅ ተላለፈ። ዛሬ እርሱም ራሱ የጥንት ዕቃ ሆኗል። ከዚህ የምንረዳው አንድ ዕቃ ስላረጀ ብቻ እንደማይጠበቅ ነው፤ ይልቁንም ሰዎች ስለ ጠበቁት ለማርጀት በቃ።

4. የዛሬው ሳሎን

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ዕቃ ከአገልግሎት ወጥቶ ጌጥ መሆኑ በራሱ ጥፋት አይደለም። እንጀራው በሌላ ነገር ላይ ከቀረበ፥ ውሃው በቧንቧ ከመጣ፥ መሶቡና እንስራው ወይ ጌጥ ይሆናሉ፥ ወይ ይጣላሉ። ጌጥ መሆናቸው ይሻላል። ጉዳቱ ያለው ዕቃው ከስሙና ከታሪኩ ተለይቶ ሲመጣ ነው። አንድ ነጋዴ ከአንዲት መበለት ቤት ስፌት ሲገዛ የሚወስደው ሣሩን ነው፤ የሰፋችው ማን እንደ ሆነች፥ በማን ሠርግ እንደ ተሰጠ የሚያውቀው አንደበት ግን እዚያው ይቀራል። ያች ሴት ስትሞት ያ ሁሉ አብሯት ይቀበራል፤ ስፌቱም ከዚያ ወዲያ «የሐረር ስፌት» ከመባል በቀር ሌላ ስም አይኖረውም።

ስለዚህ ቤቱን በጥንት ዕቃ ለማስጌጥ የሚፈልግ ሰው ከሐረር ቤት ሦስት ነገር ሊማር ይችላል።

አንደኛ፥ ከገበያ ከመፈለግ በፊት ከዘመድ መጠየቅ ነው። የአያት ቤት ቆጥና ማጀት ብዙ ጊዜ ከሱቅ የሚበልጥ ነገር ይገኝበታል፤ እርሱም ከነታሪኩ ነው። የሰባራ ጀበና ክዳን እንኳ የማን እንደ ነበረ ከታወቀ፥ ባለቤቱ ካልታወቀ ውድ ዕቃ ይልቅ ለቤቱ ይስማማል።

ሁለተኛ፥ ለእያንዳንዱ ዕቃ ከባሕርዩ ጋር የሚስማማ ቦታ መስጠት ነው። በሐረር ቤት መቀመጫው፥ ጎድጓዳው፥ ግድግዳው የየራሱ ዕቃ አለው። በእኛም ቤት በርጩማው ሰው ሊቀመጥበት ከሚችልበት ስፍራ፥ ጀበናውና ረከቦቱ ቡና ከሚፈላበት ዘንድ፥ ስፌቱ ከምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቢሆን ትርጉም ይኖረዋል። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የተሠራው የጅማ በርጩማ በመደርደሪያ ላይ ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ዓይን ቢስብም፥ ሲቀመጡበት ግን ጥበቡን ሰውነት ጭምር ያውቀዋል።

ሦስተኛ፥ ብዛትን በረድፍ መግዛት ነው። የሐረር ግድግዳ በዕቃ የተሞላ ሆኖ ሳለ የተዝረከረከ የማይመስለው ተመሳሳዩ ከተመሳሳዩ ጋር ስለሚሰለፍና ከበስተ ኋላው ያለው ግድግዳ ነጭ ስለ ሆነ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ጋሻውን፥ ክራሩን፥ መሶቡንና ግራማፎኑን ቀላቅሎ መደርደር ግን ቤቱን መጋዘን ያስመስለዋል።

5. አጠባበቅ

የጥንት ዕቃ በአዲስ ቤት ውስጥ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ ነው። በሣር ክዳን ቤት ውስጥ የምድጃው ጭስ እንጨቱንና ስፌቱን ከነቀዝ ይከላከል ነበር። ዘመናዊው ቤት ጭስ የለውም፤ በምትኩም ትልልቅ የመስታወት መስኮቶች አሉት። ስለዚህ ዕቃው ሁለት አዲስ ጠላቶች ያገኙታል፤ ተባይና ፀሐይ።

ፀሐይ የአለላን ቀለም ታጠፋለች፤ አንድ ጊዜ የጠፋ ቀለምም አይመለስም። ስለዚህ ስፌትን ከመስኮት ትይዩ መስቀል አይገባም። ሲቆሽሽ በውሃ አይታጠብም፤ በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ትቢያው ይራገፋል። ያረጀው ማንጠልጠያ ክብደቱን ላይችል ስለሚችል ከታች ደገፍ ማድረግ መልካም ነው። ነቀዝ ወይም ብል የታየበት ስፌት በፕላስቲክ ጥሩ ሆኖ ተጠቅልሎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያንስ 1 ሳምንት ቢቆይ ተባዩ ይሞታል። ሙዚየሞችም በዚህ ዘዴ ይሠራሉ። መድኃኒት ከመርጨት ይህ ይሻላል።

እንጨት በምድጃና በፀሐይ አጠገብ ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው አሮጌ በርጩማ እንደ ገዛ ቫርኒሽ ይቀባዋል፤ ይህ ግን የሰው እጅና ቅቤ በብዙ ዓመት ያወጣውን ወዝ ይሸፍነዋል። ብርም በየጊዜው መወልወል የለበትም፤ በወለወሉት ቁጥር ከብሩ ጥቂት ይቀነሳልና ቅርጹ እየደበዘዘ ይሄዳል። አበባ የሚተከልበት ጋን ከውሃው ጋር የሚመጣው ጨው በገላው ላይ ነጭ ሆኖ እየወጣ ያፈራርሰዋል። የቆርቆሮ ሳሕን ሽፋኑ ከተፈነከተበት ቦታ ዝገት ይጀምረዋል፤ ስለዚህ በደረቅ ቦታ መሰቀል አለበት። በአሮጌ ሳሕን ቀለም ውስጥ እርሳስን የመሰለ መርዛም ነገር ሊኖር ስለሚችል ምግብ ባይቀርብበት ይመረጣል።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚበልጠው ጥበቃ ወረቀት ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንዲት ትንሽ ካርድ አዘጋጅቶ በአገሩ ቋንቋ ያለውን ስም፥ የተሠራበትን ነገር፥ የሠራውን ሰው፥ የሰጠውን ሰው፥ የተሰጠበትን ምክንያትና ዓመት፥ ይህንንም የነገረንን ሰውና የነገረንን ቀን መጻፍ ያስፈልጋል። ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ካልተሠራ ግን በኋላ በብዙ ድካም እንኳ አይገኝም።

6. ስለ መግዛትና ስለ ሕግ

ከገበያ የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። የመጀመሪያው ማታለል ነው። አዲስ ዕቃ በጭስ ጠቁሮ ወይም በአፈር ተቀብሮ አሮጌ ሊመስል ይችላል። በአገልግሎት ያረጀ ዕቃ ግን የሚያልቀው እጅ ወይም ሰውነት በሚነካው በኩል ነው፤ የበርጩማው መቀመጫ፥ የመሶቡ ክዳን ጫፍ፥ የጀበናው እጀታ ይለሰልሳል። በሁሉም በኩል እኩል ያረጀ ዕቃ ያጠራጥራል።

ሁለተኛው ሕግና ኅሊና ነው። በ1992ቱ ዐዋጅ መሠረት ቅርስ በግለ ሰብ እጅ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ባለቤቱ የመጠበቅና የማስመዝገብ ግዴታ አለበት፤ ያለ ፈቃድም ከአገር ሊያወጣው አይችልም። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው አሮጌ ዕቃ ከመያዙ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ ይገባዋል። የሃይማኖት ዕቃን በተመለከተ ደግሞ ጥያቄው ከዚህ ይጠብቃል። የብራና መጽሐፍ ወይም የመጾር መስቀል ከቤተ ክርስቲያን፥ በእጅ የተጻፈ ቁርዓን ከመስጊድ እንዴት ወጥቶ ከሱቅ እንደ ደረሰ ሻጩ በግልጽ ሊያስረዳ ካልቻለ፥ እርሱን ገዝቶ ከሳሎን መስቀል ስርቆትን ማገዝ ይሆናል። ከአንድ ብራና መጽሐፍ ተቀዶ በመስታወት የተከበበ አንድ ገጽም ለግድግዳ ጌጥ ሲሆን፥ መጽሐፉ ጎደሎ ሆኖ እንደ ቀረ መዘንጋት የለበትም።

አንድ ሰው በቤቱ የሚሰበስበው ዕቃ ለሕዝብ ሊተርፍ እንደሚችልም ሐረር ምሳሌ ሰጥታለች። አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ መጻሕፍትን፥ ገንዘቦችን፥ ጌጣጌጦችንና የድምፅ ቅጂዎችን በግላቸው እየሰበሰቡ በመኖሪያ ቤታቸው ለሕዝብ ማሳየት ጀመሩ፤ ስብስቡም ቆይቶ የራስ ተፈሪ ቤት ተብሎ ወደሚታወቀው ሕንጻ ተዛውሮ ሙዚየም ሆነ። የአሮጌ መጻሕፍትን መጠረዝና መጠገንም ተምረው ሠርተዋል። ይህ ሥራ በአንድ ሳሎን የሚጀመር ነገር የት ሊደርስ እንደሚችል ያሳያል።

7. መደምደሚያ

ከላይ እንደ ገለጽነው የሐረር ቤት ጌጥ የሚያምረው ዕቃው ስላረጀ ሳይሆን፥ ቦታውን፥ ስሙንና ሰጪውን የሚያውቅ ሰው በቤቱ ውስጥ ስላለ ነው። ይህ ዕውቀት ግን በአደጋ ላይ ነው። ልጃገረዶች በቀድሞው መንገድ ስፌት የሚማሩበት ጊዜ አልፏል፤ ብዙ ቤተ ሰቦች ከጀጎል ወጥተዋል፤ ወደ ካናዳና ወደ አሜሪካ የሄዱትም ጥቂቶች አይደሉም። በዚያ በሩቅ አገር ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስፌት፥ የእናቲቱን ቋንቋ ለማይናገር ልጅ ምን ሊነግረው ይችላል? ካርዱ ከኋላው ተጽፎ ከተገኘ ብዙ ይነግረዋል፤ ካልተገኘ ግን ያማረ ሣር ነው።

ይህ ጉዳይ የሐረር ብቻ አይደለም። ከመካከላችን ከጎንደር፥ ከወሎ፥ ከከፋ፥ ከሲዳማ፥ ከትግራይ፥ ከወለጋ የመጣን አለን። በየቤታችን ስሙን የማናውቀው አንድ ዕቃ አይጠፋም፤ ስሙን የሚያውቁ ሰዎችም በየቀኑ እያነሱ ናቸው። ስለዚህ በመጪው የክረምት ዕረፍት እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አምስት ዕቃ መርጦ፥ ከእናቱ ወይም ከአያቱ ጠይቆ፥ ከላይ በተመለከተው አኳኋን ታሪካቸውን ጽፎ ቢመለስ፥ ለዚህ መጽሔት ብቻ ሳይሆን ለአገሪቱ ጥናት ጭምር ትልቅ እርዳታ ይሆናል። መምህሮቻችንም የጥያቄውን ዝርዝር በማስተካከልና የተሰበሰበውን በመመርመር እንዲረዱን በአክብሮት እንለምናለን። ዕቃውን የሚሰቅሉ እጆች ብዙ ናቸው፤ ስሙን የሚጽፍ እጅ ግን አሁን ያስፈልጋል።